ልጁ አፍ በፈታበት ቋንቋ ጀምሩ፦ ከፍ ያለ ልጅ ከሌላ አገር በጉዲፈቻ ለሚወስዱ ወላጆች

የዘጠኝ ዓመት ልጅ በራሱ ቋንቋ ሙሉ ሰው ነው። ይቀልዳል፣ ይከራከራል፣ ይዋሻል፣ ጓደኛውን ያበሽቃል። ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ይቀርና «እሺ» እና «እንቢ» ብቻ የሚል ልጅ ይሆናል። ብዙ አሳዳጊ ይህን አይቶ «ጭምት ነው» ብሎ ይደመድማል። ዓመት ሳይሞላ ልጁ የቤቱ ለፍላፊ ሲሆን ይደነግጣል።

ጨቅላ ሕፃን የወሰደ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። ሕፃኑ አፍ የሚፈታው እሱ ቤት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈው ልጅ ግን አፉን ፈትቶ ጨርሷል፤ ሌላ ቦታ፣ ከሌላ ሰው ጋር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምትሄዱበት መንገድ ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሳል። መጀመሪያ መኮላተፍ ያለበት ልጁ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 1፦ ከጉዞው በፊት፣ የትኛው ቋንቋ?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። የአገሩ የሥራ ቋንቋ አንድ ሆኖ ልጁ አፍ የፈታበት ሌላ ሊሆን ይችላል። ማሳደጊያው ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ይነገር ይሆናል። ወራት ሙሉ አንዱን ስታጠኑ ከርማችሁ፣ ልጁ እሱን የሚሰማው ትምህርት ቤት ብቻ ሆኖ ብታገኙት ያናድዳል። ጉዳዩን የያዘውን ድርጅት ሁለት ነገር ጠይቁ። ልጁ ሲናደድ የሚናገረው በምንድን ነው? ከቅርብ ጓደኛው ጋር ሲጫወትስ? «አናውቅም» ካሏችሁ፣ አብራው የምትውለውን ሞግዚት ይጠይቁላችሁ።

ቀጥሎ ቃላት ያዙ። ሰዋስው ይቆይ። ለቱሪስት የተዘጋጁ ሐረጎችም ብዙ አይረዱም፤ ልጁን ባቡር ጣቢያው የት እንደሆነ አትጠይቁትም። 50 ያህል የቤት ውስጥ ሐረግ ይበቃል። «አመመህ?»፣ «የቱ ጋ?»፣ «ፈራህ?»፣ «ልጨምርልህ?»፣ «አልገባኝም፣ አሳየኝ»፣ «ሄጄ እመለሳለሁ»፣ «እዚሁ ነኝ»። «አጠፋሁ፣ ይቅርታ» የምትለዋን እንዳትዘሏት። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ትፈልጓታላችሁ። የአገሩን ስድብም በጥቂቱ እወቁ። ለመሳደብ ሳይሆን ሲሰደብባችሁ እንዲገባችሁ።

ሐረጎቹን ከወረቀት አታጥኗቸው። ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው በስልካችሁ ይቅረጽላችሁ፤ እየሰማችሁ ድገሙ። አነጋገራችሁ አስቂኝ ይሆናል። ይሁን። ልጁ በእናንተ መሳቁ ከሚጠቅሟችሁ ነገሮች አንዱ ነው።

ከተፈቀደላችሁ ቀድሞ የሚደርሰው የፎቶ አልበም ላኩ። የሠርግ ፎቶ አያስፈልግም። ከፍ ያለ ልጅ ማየት የሚፈልገው ሌላ ነው፦ የሚተኛበትን አልጋ፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ውሻ ካለ ውሻውን። ከእያንዳንዱ ሥር በእሱ ቋንቋ አንድ መስመር ጻፉ። «ይሄ ውሻ አይናከስም» የሚል መስመር ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣል።

ልጁ ምን እንደተነገረውም አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 የጸደቀው የሄግ የአገር አቋራጭ ጉዲፈቻ ስምምነት በአንቀጽ 4 ይህን ያዛል። የልጁ ዕድሜና ብስለት ታይቶ ምክር እንዲያገኝ፣ ፍላጎቱ እንዲጤን፣ ፈቃዱ በሚያስፈልግበት ቦታም ያለ ግፊት እንዲሰጥ። በወረቀት ላይ ይህ ተሟልቶ ልጁ ግን ለእረፍት የሚሄድ መስሎት ሊሆን ይችላል። «ተነግሮታል» የሚል መልስ አይበቃም። ማን ነገረው? መቼ? በምን ቋንቋ? እሱስ ምን አለ?

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ቀን

ይህን ቀን በሐሳባችሁ ብዙ ጊዜ አይታችሁታል። ልጁ ሮጦ ሲመጣ፣ ስታቅፉት፣ ስታለቅሱ። ምናልባት ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ሲያይ ታገኙታላችሁ። ወይም ስማችሁን ሳያውቅ «እማዬ» ብሎ ይጠመጠምባችኋል። ሁለተኛው የበለጠ ደስ ይላል። ነገር ግን በማሳደጊያ ካደጉ ልጆች አንዳንዶቹ ለማንኛውም እንግዳ እንዲሁ ናቸው። እቅፉን ተቀበሉት፤ ሥር የሰደደ ፍቅር አድርጋችሁ ግን አትቁጠሩት።

ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ከምትፋጠጡ ጎን ለጎን ብትሆኑ ይቀላል። በደንብ የተለማመዳችሁትን አንድ ሰላምታና ስሙን በትክክል በሉ፤ ከዚያ ዝም። እጃችሁን ዘርጉ እንጂ አትጎትቱት። ቃል የማይጠይቅ አንድ ጨዋታ ይኑራችሁ፦ ኳስ፣ ካርታ፣ ወረቀትና እርሳስ። ኳስ መቀባበል ራሱ ንግግር ነው፤ አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይመልሳል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት ፊኛ ብትነፉ ግን ሊንቃችሁ ይችላል። ለእሱ የስልካችሁን ካሜራ ስጡትና እናንተን ፎቶ ያንሳ። ማን ማንን እንደሚያይ ይገለበጣል። ፎቶዎቹን በኋላ ስታዩዋቸው ዓይኑ ምን ላይ እንዳረፈ ትደርሱበታላችሁ።

የስጦታ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። ሌሎቹ ልጆች በመስኮት እያዩ ነው።

ደረጃ 3፦ አስተርጓሚ ያለባቸውን ሰዓታት አታባክኑ

ከሁሉም በላይ ዝግጅት የሚፈልገው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚባክነውም ይኸው ነው። አስተርጓሚ አጠገባችሁ የሚሆነው ለጥቂት ቀን ነው። «የምትወደው ቀለም ምንድን ነው?» ለመጠየቅ አታውሉት። እሱን በእርሳስ ትደርሱበታላችሁ።

ልጁ የሚያብሰለስለው ሌላ ነው፤ ደፍሮ አይጠይቅም እንጂ። ከብዙ ልጆች መሃል ለምን እኔን? ለስንት ጊዜ ነው? ትማታላችሁ? ወንድሜስ? ከጓደኛዬ ጋር በስልክ እንገናኛለን? ስሜን ትቀይሩታላችሁ? ባጠፋ ትመልሱኛላችሁ? ሳይጠይቃችሁ መልሱለት። የማታውቁትን «እሱን ገና አላወቅንም፣ ስናውቅ እንነግርሃለን» በሉ። ስለ ወንድሙ ወይም ስለ እናቱ የማትፈጽሙትን ቃል እንዳትገቡ። ቋንቋ የሌለው ልጅ ያችን አንዲት ቃል ይዞ ዓመት ይጠብቃል።

አስተርጓሚውን ለብቻው አሥር ደቂቃ አነጋግሩት። ልጁ ያለውን እንዳለ ይንገራችሁ፤ አያሳምርላችሁ። ምክር አይጨምርበት። ደግ አስተርጓሚ «አመሰግናለሁ በላቸው እንጂ! ዕድለኛ ነህ እኮ» ማለት ይቀናዋል። ልጁ ደግሞ ከእናንተ የመጣ ይመስለዋል። ዕድለኛ መሆኑ የተነገረው ልጅ ከዚያ በኋላ ማልቀስ ይከብደዋል።

ስትነጋገሩ ልጁን እያያችሁ ለልጁ ተናገሩ። «እንዲህ ብለህ ንገረው» አይባልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ጠብቁ። ሲያልቅ «ገባህ?» አትበሉት፤ መልሱ «አዎ» ነው፣ ሁልጊዜም «አዎ» ነው። ይልቅ «ጓደኛህ ምን አሉህ ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» በሉት። የተምታታው ያኔ ይወጣል።

ታላቅ እህቱን ወይም ወንድሙን አስተርጓሚ አታድርጉ። ውሃ ለመጠየቅ ምንም አይደለም። ከባድ ነገር ግን በልጅ አፍ ሲያልፍ አስተርጓሚው ልጅ ሸክሙን ይወስደዋል፤ ታናሹን ለመጠበቅ ሲልም ይቀንስበታል። ቀድሞውኑ እናት ሆና የኖረች የአሥር ዓመት ልጅ ሌላ ሥራ አያስፈልጋትም።

ከመለያየታችሁ በፊት በስልክ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው አግኙ። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት። ችግር ሲፈጠር ብቻ ከደወላችሁ ልጁ የዚያን ሰው ድምፅ ከቁጣ ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ ደህና በሆናችሁበት ቀንም ደውሉ።

ደረጃ 4፦ ስንብት

እናንተ ልጅ ያገኛችሁበት ቀን ልጁ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ የሚያጣበት ቀን ነው። መኪና ውስጥ ቢያለቅስ አታባብሉት፣ በጨዋታም አታዘናጉት። አጠገቡ ሁኑና ይልቀስ።

ፎቶ አንሱ። የሕንፃውን ፊት ብቻ ሳይሆን አልጋውን፣ የግቢውን በር፣ ኳስ የሚጫወትበትን ቦታ፣ ጓደኞቹን ከነስማቸው፣ ወጥ ቤት የምትሠራዋን ሴት። ድምፅም ቅረጹ። የሚወዳት ሞግዚት ፈቃደኛ ከሆነች በቋንቋው «ሂድ፣ ደስ ይበልህ፣ እኔ አልተቀየምኩህም» ትበልለት። ይህችን ቅጂ በሁለት ቦታ አስቀምጧት። ለብሶት የመጣውን ልብስ እንዳትጥሉ፤ ለጊዜው እንዳታጥቡትም። የቤቱ ሽታ ያለው እሱ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ስልኩን በልኩ

የትርጉም አፕ ሕይወት ያድናል፣ ያዋርዳልም። የልጁን ቋንቋ ከመሳፈራችሁ በፊት አውርዱት፤ አውሮፕላን ላይ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ ብቻ ጻፉ። ፈሊጥ አትጠቀሙ። «ሆዴ ባባ» ብትሉት ማሽኑ የሆድ ሕመም ሊያደርገው ይችላል። የወጣውን ወደ እናንተ ቋንቋ መልሳችሁ ተርጉሙና ካነበባችሁ በኋላ ብቻ አሳዩት። ስልኩን ለእሱም ስጡት፤ ጠያቂ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ምርመራ ይመስላል።

ሲያለቅስ ግን ስልኩን አስቀምጡ። በፊቱና በፊታችሁ መሃል ስክሪን አይግባ። ቋንቋው ተናጋሪ ያነሰው ከሆነ አፑ ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ያኔ የሥዕል ካርዶች ሥሩ።

ካርድ ካልሁ አይቀር፦ ካወጣችሁት ገንዘብና ካያችሁት ድካም ሁሉ የበለጠ የምትጠቅማችሁ አንዲት ወረቀት ናት። የዕለቱን ውሎ በስድስት ሳጥን ሳሉበት። መነሳት፣ ቁርስ፣ መውጣት፣ ምሳ፣ ጨዋታ፣ መኝታ። ቋንቋ የማይሰማ ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። መኪና ውስጥ ግባ ሲባል ወዴት? ለምን? እመለስ ይሆን? ወረቀቷ ይህን ትመልሳለች። ዕቅድ ከተቀየረ ፊቱ ሰርዛችሁ አዲሱን ሳሉ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቤት

ዓለሙን አጥብቡለት። ዘመድ ይቆይ፣ ግብዣ ይቆይ። ምግብ የሚሰጠው፣ ቁስል የሚያሽገው፣ የሚያስተኛው እናንተ ብቻ ሁኑ። አያቶች ይቀየማሉ። ይቀየሙ፤ በኋላ ይካሳሉ።

ከመናገር ማሳየት። የቱ ቧንቧ ሙቅ ነው፣ በሩ እንዴት ይቆለፋል፣ መብራቱ የት ነው። አድርጋችሁ አሳዩት፣ እሱም ያድርገው። አንገቱን መነቅነቁን አትመኑ፤ የተናደደ የሚመስል ትልቅ ሰው ፊት አለመነቅነቅ የሚደፍር ልጅ ጥቂት ነው።

ሌሊት ላይ የባሰ ይከብዳል። ከሃያ ልጅ ጋር ተኝቶ የኖረ ልጅ ብቻውን አንድ ክፍል መስጠት ለእናንተ ክብር ነው፣ ለእሱ ቅጣት ሊሆን ይችላል። መብራቱን አብሩና አጥፉ፣ በሩን ክፈቱና ዝጉ፣ እሱ ይምረጥ። የእናንተ በር የት እንደሆነ በሌሊት አብራችሁ ተራምዳችሁ አሳዩት።

ትራስ ሥር ምግብ ብታገኙ ሌባ አድርጋችሁ አትዩት። ማጣት የሚያውቅ ሰው ይቆጥባል። ስሙ ያለበት ሣጥን ስጡት፤ እንዳይጎድል ሁልጊዜ ሙሉት። «ምግብ አያልቅም» የሚለውን በቃል ልትነግሩት አትችሉም፤ ሣጥኑ ይነግረዋል።

መነካካት በጥንቃቄ ነው። አንዳንዱ ልጅ የትልቅ ሰው እጅ የሚያውቀው በዱላ ወይም ከዚያ በከፋ ነገር ነው። ሥራ ባለው ንክኪ ጀምሩ፦ ፀጉር ማበጠር፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ቅባት መቀባት፣ ቁስል ማሸግ። መጀመሪያ በምልክት ጠይቁ። እንቢ ሲል እጃችሁን ሰብስቡ። እንቢ ማለት እንደሚቻል የሚማረው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ልጁ መልአክ ሊሆን ይችላል። ሳህን ያነሳል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ሁሉ ነገር እሺ። አድንቁ፤ ተማመኑበት ግን አልልም። እንግዳ የሆነ ሰው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ተቆጥቶ በሩን በኃይል ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ቤቱን ቤቴ ማለት ሲጀምር ነው።

ደረጃ 7፦ ቁጣ ሲነሳ

ቋንቋ የለም፣ ማስረዳት የለም። ቃል ቀንሱ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ነው። በእሱ ቋንቋ «እዚሁ ነኝ» በሉና ክንድ ያህል ራቁ፣ ቁጭ በሉ። ክፍል ውስጥ አትዝጉበት፤ ብቻውን መተው የቆየ ቁስሉ ሊሆን ይችላል። ሲበርድለት ውሃ ስጡት። በማግስቱ ወረቀት አውጡና ሳሉ፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማህ፣ ምን ቢሆን ይሻል ነበር። በመስመር ብቻ የተሳሉ ሰዎች ይበቃሉ። ያጠፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ የሚያፍረውን ሰው እናንተን አድርጋችሁ ሳሉት።

ደረጃ 8፦ አዲሱ ሲገባ አሮጌው እንዳይወጣ

ብዙ ወላጅ «ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል» ይላል። እውነት ነው። ቶሎ ይጥላልም። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስቶፍ ፓሊየርና ባልደረቦቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሠርተው ያሳተሙት ጥናት አለ። ኮሪያ ተወልደው ከ3 እስከ 8 ዓመታቸው ለፈረንሳውያን ቤተሰቦች በጉዲፈቻ የተሰጡ ስምንት ሰዎችን ካደጉ በኋላ ፈተኗቸው። ኮሪያኛን ከሌላ ባዕድ ቋንቋ መለየት አልቻሉም፤ ኮሪያኛ ሰምተው ከማያውቁ ፈረንሳውያን አልተሻሉም። ስምንት ሰው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2014 ከካናዳ የወጣ ጥናት፣ ከቻይና ጨቅላ ሳሉ በጉዲፈቻ የመጡ ልጃገረዶች አእምሮ የቻይንኛን የድምፅ ቃና ቋንቋው ካልተቋረጠባቸው ልጆች ጋር በተመሳሳይ መንገድ እንደሚቀበል አሳይቷል። አንዳች ነገር ይቀራል ማለት ነው። በሚቀረው ግን ከወንድም ጋር በስልክ ማውራት አይቻልም።

በመሃል ደግሞ ማንም የማያስጠነቅቃችሁ ወቅት አለ። አሮጌው ሲሳሳ አዲሱ ገና አልሞላም። ልጁ ከባድ ስሜት አለው፣ በሁለቱም ቋንቋ ቃል የለውም። ብዙ የሚያናድደው ጊዜ ይህ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ቋንቋውን በሕይወት ማቆየት ለባህል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ወቅት ስንቅ ነው። ቋንቋውን የሚናገር ሰው ፈልጉ፣ ሳምንታዊ ጨዋታ ይኑራቸው። የማሳደጊያ ጓደኛውን ያናግር። አላወራም የሚል ልጅም አለ፤ ቋንቋው ክፉ ነገር የሚያስታውሰው ከሆነ አታስገድዱት፣ በሩን ብቻ ክፍት ተዉለት።

የእናንተን ቋንቋ ስታስተምሩት ደግሞ አትቸኩሉ፤ ቤቱን ትምህርት ቤት አታድርጉት። «ውሃ ጠጣ እፈልጋለሁ» ቢላችሁ «እሺ፣ ውሃ መጠጣት ትፈልጋለህ» ብላችሁ ትክክሉን በመልሳችሁ ውስጥ አስገቡት እንጂ አታርሙት። ለወራት ዝም ብሎ ቢሰማም አትደናገጡ፤ እየሰበሰበ ነው። ድንገት አጥርቶ ሲያወራ ደግሞ አትታለሉ። የቶሮንቶው ምሁር ጂም ከሚንስ እንዳሳየው የጨዋታ ቋንቋ ሁለት ዓመት ገደማ ሲፈጅ፣ የክፍል ትምህርት ቋንቋ ግን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሜዳ ላይ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ልጅ ሒሳብ ፈተና ላይ ጥያቄውን ላይረዳው ይችላል። ሰነፍ አይደለም። ይህን ለመምህሩ በጽሑፍ ስጡት።

ወንድምና እህት አብረው ከመጡ በቋንቋቸው ሲንሾካሾኩ ውጭ የቀራችሁ ይመስላችኋል። ቀርታችኋልም። አትከልክሏቸው።

ስሙንም አትንኩ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 8 ስምን የማንነት አካል አድርጎ ይጠብቃል። ከአገሩ፣ ከቋንቋው፣ ከጓደኛው የተለየ ልጅ ይዞ የመጣው አንድ ነገር ስሙ ነው። ለጎረቤት አፍ የማይመች ከሆነ ጎረቤት ይልመድ። ልጁ ራሱ ሌላ ስም ቢፈልግ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያውም ዓመት ጠብቁና ደግማችሁ ጠይቁት።

ደረጃ 9፦ ባለሙያ የሚያስፈልግበት

ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ፣ ለሳምንታት የማይተኛ፣ የማይበላ፣ ከማንም ጋር ተነስቶ የሚሄድ ልጅ ካለ አትጠብቁ። በጉዲፈቻ ላይ የሚሠራ ሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጉ፤ ምርመራውም በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ ይሁን። ገና ባልያዘው ቋንቋ የተፈተነ ልጅ የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ጆሮውና ዓይኑም ይመርመር፤ «አይሰማም» የተባለው ልጅ በእርግጥ ላይሰማ ይችላል።

አንድ ደብተር ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። ቃል ሲያገኝ ታሪክ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ባልጠበቃችሁበት ሰዓት፣ መኪና ውስጥ ወይም ሳህን ስታጥቡ፣ ፊታችሁን በማያይበት። እየነዳችሁ ከሆነ ንዱ፣ እያጠባችሁ ከሆነ እጠቡ። ማታ ያለውን እንዳለ፣ በተኮላተፈ አነጋገሩ ጻፉት። የጎደለውን አትሙሉ፣ ቅደም ተከተሉንም አታስተካክሉ። በቋንቋው የጠራው ስም ወይም ቃል ካለ እንደሰማችሁት አስፍሩት። በኋላ አብራችሁ ስታነቡት «እንዲህ አይደለም የሚባለው» ብሎ ያርማችኋል። እርሳሱን ስጡት።